የእርጎው አንጥረኞች

አይከል ላይ እርጎ መሠራት የሚጀምረው ላሟ ሳትታለብ ነው። ባለሙያዋ ቅሏን ወይም ማሰሮዋን በግራዋ ቅጠል አሽታ ታጥባለች፤ አፉን ደፍታ ታንጠፈጥፋለች፤ ፀሐይ ላይ ታደርቃለች። ከዚያ የወይራ እንጨት ፍም ላይ ጣል ታደርግና ጭሱ ሲትጎለጎል የዕቃውን አፍ ትደፋበታለች። ጭሱ በጎን እንዳያመልጥ ዙሪያውን በጨርቅ የምትይዝ አለች። የጋለውን የወይራ ስንጥር ራሱን ወደ ሆዱ ከትታ፣ አፉን ከድና የምታንከባልልም አለች። ስትጨርስ የተረፈውን ከሰል ታራግፍና ውስጡን ጠረግ ታደርጋለች። ብዙ ዘመን የታጠነ ቅል ውስጡ ጠቁሮ፣ ባዶውን እንኳ አፍንጫ ላይ ሲያስጠጉት ወይራ ወይራ ይላል። ባልታጠነ ዕቃ የረጋ እርጎ ለእንግዳ ያቀረበች ሴት ከጎረቤት አፍ አታመልጥም።

አይከል የጭልጋ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከጎንደር በአዘዞ አድርጎ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ይዘው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲጓዙ ያገኟታል። ሌሊቷ ቀዝቀዝ ስለሚል ወተቱን አያጣድፈውም። መተማ ቆላ ላይ በአንድ ቀን የሚረጋው ወተት እዚህ ሁለት ቀን ሊቆይ ይችላል። እርሾ ብሎ የሚጨምርበት የለም። ወተቱ ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ ጥግ ይይዛል፣ ሳይነካ ይቀመጣል፤ በቃ።

ይህ ዝምታ ለዓይን ነው እንጂ ውስጡ ጦርነት ነው። ከወተቱ ጋር ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አብሮ ይገባል፤ ከላሟ ጡት ቆዳና ከአላቢዋ እጅ ስታፊሎኮከስ፣ ከእበቱ ኢ ኮላይና ዘመዶቿ፣ ከሣሩና ከዕቃው ግድግዳ ደግሞ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች። ምግቡ ለሁሉም ክፍት ነው። የሚያረጉት የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ የወተቱን ስኳር ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል፣ አሲዱ ሲበዛ ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን እርስ በርሱ ይያያዝና ወተቱ ይረጋል። ፒኤቹ ወደ 4 ገደማ ሲወርድ አብዛኛው ሌላ ባክቴሪያ መራባት ያቅተዋል። አሲድ ግን ሸካራ መሣሪያ ነው። ጠላት ከወዳጅ አይለይም፤ ሲበዛ ያመነጨውንም ያዳክማል። የእኔን ዓይን የሚስበው ከአሲዱ ጎን የሚሠራው፣ እጅግ የረቀቀው ሌላ መሣሪያ ነው።

ላክቶኮከስ ላክቲስ የምትባለው የወተት ባክቴሪያ አንዳንድ ዝርያዎቿ ናይሲን የተባለ መርዝ ይሠራሉ። ሁሉም አይሠሩም፤ በየቅሉ ሁሉ አለ ማለትም አይደለም። የአገራችን ተመራማሪዎች ግን ከእርጎ ለይተው ያወጧቸው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች በሽታ አምጪዎችን እንደሚገቱ በቤተ ሙከራ ደጋግመው አሳይተዋል። በዚህ መስክ ስማቸው ቀድሞ የሚነሳው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሞገሴ አሸናፊ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እርጎ ውስጥ የሚኖሩትን ተህዋስያን፣ ወተቱ ሲረጋ ሊስቴሪያ የተባለችው በሽታ አምጪ ባክቴሪያ የሚገጥማትን ዕጣ፣ የዕቃ መታጠን በእርጎው ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ተከታትለው ጽፈዋል። እናቶቻችን በአፍንጫ የሚያውቁትን በሳህንና በማይክሮስኮፕ መመርመር ማለት ይህ ነው።

ናይሲንን ጠጋ ብለን እንየው። ሲወለድ 57 አሚኖ አሲዶች በአንድ መስመር የተቀጣጠሉበት ተራ ሰንሰለት ነው። መሣሪያ የሚሆኑት 34ቱ ናቸው፤ ከፊት ያሉት 23ቱ ሌላ ሥራ ስላላቸው እንመለስባቸዋለን። ሰንሰለቱን ሁለት ኢንዛይሞች ይቀበሉታል። የመጀመሪያው፣ ኒስ-ቢ የሚባለው፣ ሴሪንና ትሪዮኒን ከተባሉት አሚኖ አሲዶች ላይ የውኃ ሞለኪውል ይነጥቃል። በ34ቱ ውስጥ እንደነዚህ ያሉ ዘጠኝ አሉ። ኒስ-ቢ ስምንቱን ይነካል፤ 29ኛው ቦታ ላይ ያለውን ሴሪን ግን እንደ ነበረ ያልፈዋል። ይህን በመጀመሪያ ሳነብ ቆም አልኩ። ጥሩ አንጥረኛ የሚታወቀው በመታው ቦታ ብቻ አይደለም፤ መዶሻውን ባላሳረፈበትም ነው።

ከዚያ ሁለተኛው ኢንዛይም ኒስ-ሲ ይመጣል። በሰንሰለቱ ላይ ሰልፈር የያዙ አምስት ሲስቲኖች አሉ። ኒስ-ሲ እያንዳንዱን ሲስቲን ውኃው ከተነጠቀበት ጎረቤቱ ጋር ያጋጥመዋል፤ በሰልፈር ይበየዳሉ፤ ቀለበት ይሆናሉ። አምስት ሲስቲን፣ አምስት ቀለበት። የመጀመሪያው ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው አሚኖ አሲድ ይዘልቃል፤ ሁለተኛው ወዲያው ከስምንተኛው ይጀምራል፤ ሦስተኛው ከሁሉም ሰፋ ያለ ነው። አራተኛውና አምስተኛው ለየብቻ አልቆሙም፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ ተቆላልፏል። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ደግሞ ቀለበት የሌለባት አጭር ቦታ ተትታለች፤ መሣሪያው የሚታጠፈው እሷ ላይ ነው። እንዲህ ያለ አጭር ሰንሰለት ቀለበት ከሌለው እንደ ክር ልል ነው፤ ፕሮቲን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች በቀላሉ ይበጣጥሱታል። ናይሲንን ግን ቀለበቶቹ ቅርጽ ሰጥተውታል፣ አጠንክረውታል።

አሁን ወደ 23ቱ እንመለስ። እንዲህ ያለ መርዝ በራስ ሆድ ውስጥ መሥራት አደጋ ነው፤ የሚገድለው ባክቴሪያን ነው፣ የምትሠራውም ባክቴሪያ ናት። መፍትሔው በእነሱ ነው። ከፊት ተያይዘው እስካሉ ድረስ ናይሲን አይገድልም፤ ቀለበቶቹ ሁሉ በቦታቸው ሆነው፣ ሥራው አልቆ፣ ስለቱ በሰገባው ነው። ኒስ-ቲ የሚባል ማጓጓዣ ከነሰገባው ወደ ውጭ ያስወጣዋል። ውጭ፣ በሕዋሷ ግድግዳ ላይ ኒስ-ፒ የተባለ ቆራጭ ይጠብቀዋል፤ 23ቱን ቀንጥሶ ይጥላል። መርዙ መርዝ የሚሆነው በዚያች ቅጽበት፣ ከቤት ከወጣ በኋላ ነው። ሙያ በልብ ነው የሚባለው ለዚህች ባክቴሪያ ቃል በቃል ይሠራል። ያም ሆኖ አልተዘናጋችም። ውጭ የተፈታው ናይሲን ተመልሶ ቢመጣባት የሚይዝ ፕሮቲን ሽፋኗ ላይ አስቀምጣለች፤ ሽፋኗ ውስጥ የገባውን የሚያባርር ማውጫም አላት።

ደግሞ ናይሲን ራሱ መልእክተኛ ነው። ከሕዋሷ ውጭ ያለው መጠን ከፍ ሲል አንድ ተቀባይ ይሰማና የናይሲን ሥራ እንዲፋጠን ያዝዛል። ዘመዶች በዝተው፣ መርዙም ሲጠራቀም ሁሉም አንድ ላይ ያመርታሉ። ብቻዋን የቀረች አንዲት ባክቴሪያ ጉልበቷን በከንቱ አታባክንም።

ዒላማው ደግሞ የሥራውን ያህል የተመረጠ ነው። ባክቴሪያ ስታድግ ግድግዳዋን የምትገነባባቸውን ጥርቦች ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያሻግር ሊፒድ ሁለት የሚባል ሞለኪውል አለ። ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ አንዱ ብዙ ጊዜ እየተመላለሰ ይሸከማል። የናይሲን የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀለበቶች የዚህን ተሸካሚ የፎስፌት አንገት አቅፈው ይይዙታል። ይህ ብቻውን ግንባታውን ለማቆም በቂ ነበር። ናይሲን ግን እዚያ አያበቃም፤ በመታጠፊያው ዞሮ ጅራቱን ሽፋኑ ውስጥ ይሰድዳል። ስምንት ናይሲኖች ከአራት ሊፒድ ሁለቶች ጋር ሲሰባሰቡ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ሕዋሷ ውስጧ ያለው ይፈስሳል። አንድ ዕቃ፣ ሁለት ሞት። ሐኪሞች የሚያውቁት ቫንኮማይሲን የተባለው መድኃኒትም ይህንኑ ተሸካሚ ነው የሚይዘው፤ እሱ ግን የሚይዘው በጭነቱ ጫፍ ነው፣ ብዙ ባክቴሪያዎችም ጫፉን ቀይረው አምልጠውታል። የፎስፌት አንገቱን መቀየር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም።

ሰው ይህን ያስተዋለው በወተት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች አንዳንድ የወተት ባክቴሪያዎች ሌሎቹን እንደሚገቱ ጻፉ፤ በ1947 እንግሊዝ አገር ናይሲን የሚለው ስም ወጣለት፤ በ1969 የዓለም የጤናና የምግብ ድርጅቶች ምግብን ለማቆየት እንዲውል ተቀበሉት። ከውጭ የሚገባ የተቀነባበረ አይብ ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ኢ234 የሚል ካገኙ እሱ ነው።

ናይሲን የማይደፍራቸው አሉ። ኢ ኮላይና ዘመዶቿ ከግድግዳቸው ውጭ ሌላ ሽፋን ስላላቸው ናይሲን ወደ ውስጥ አይዘልቅም፤ እነሱን በእርጎ ውስጥ የሚያሸንፋቸው በዋናነት አሲዱ ነው። እነሱ ግን እርስ በርስ ሲጣሉ የሚመዝዙት የራሳቸው ጥበብ አለ። ቤልጅየማዊው አንድሬ ግራሺያ እ.ኤ.አ. በ1925 አንድ የኢ ኮላይ ዝርያ ሌላውን የኢ ኮላይ ዝርያ እንደሚገድል አሳየ። መርዞቹ በኋላ ኮሊሲን ተባሉ። ባክቴሪያ የቅርብ ዘመዷን ለይታ ለመግደል የምትሠራው መርዝ ታሪክ ከዚያ ይጀምራል።

ከኮሊሲኖቹ መካከል ኢ3 የሚባለውን ላንሳ። አካሉ ሦስት ክፍል አለው፤ አንዱ ደጅ የሚይዝ፣ አንዱ የሚያስገባ፣ አንዱ የሚገድል። የሚይዘው ደጅ ተራ ደጅ አይደለም፤ ባክቴሪያዋ ቫይታሚን ቢ12ን የምትቀበልበት ነው። ደጁን ዘግታ እንዳትድን ቫይታሚኗን ታጣለች፤ ከፍታ ከተወችው ሞት ይገባል። ኢ3 ከገባ በኋላ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው። ፕሮቲን በሚሠራው ሪቦዞም ውስጥ ከ1,500 በላይ ፊደላት ያሉት የአርኤንኤ ክር አለ፤ ኢ3 ከመጨረሻው አቅራቢያ አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ይቆርጠዋል። ሌላውን አይነካም። ያቺ ቦታ ግን ሪቦዞሙ የሚያነበውን የሚያረጋግጥባት ናት፤ ከተቆረጠች ፋብሪካው ይቆማል።

ሠሪዋም በራሷ መርዝ እንዳትሞት ከመርዙ ጋር አብሮ የሚወለድ ጠባቂ ፕሮቲን አላት፤ መርዙ ላይ ተለጥፎ የሚገድለውን ክፍል ይሸፍነዋል። ኢ9 የተባለው ሌላ ኮሊሲን ከጠባቂው ጋር ያለው መያያዝ በሕያዋን ዓለም ከሚታወቁት እጅግ ጠንካራ የፕሮቲን መያያዞች አንዱ ነው። በእኔ ዓይን የእነዚህ ሁሉ መሣሪያዎች ጥበብ ያለው እዚህ ነው። ገዳይ ነገር መሥራት ብዙም አይከብድም። ገዳዩን ሠርቶ፣ ከጎን ይዞ፣ ሳይነኩት አብሮ ማደር ግን ሌላ ደረጃ ነው፤ ናይሲንም በሰገባው፣ ኢ3ም በጠባቂው የሚያሳዩት ይህንኑ ነው።

ኮሊሲን ግን አንድ ጉድለት አለበት፤ የሚወጣው ሠሪዋ ፈንድታ ስትሞት ነው። ዲኤንኤዋ ሲጎዳ፣ ነገሩ ሲከፋባት፣ ከመንጋው ጥቂቶቹ ኮሊሲኑን ሞልተው ግድግዳቸውን ያፈርሳሉ። አህያዋ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች ይባላል። ይህች ግን የሞተችው ሰርዶው ለዘመዶቿ እንዲተርፍ ነው። ዘመዶቿ ጠባቂውን ይዘዋል፤ ባዕዶቹ አልያዙም።

ይህ ጥል ከእኛ በፊት የነበረ ነው። በጭልጋ ደለል ውስጥ የተገኙት የጥንት የዝሆን ዘመዶች ቅሪት 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አለው። በእነዚያ እንስሳት አንጀት ውስጥም ባክቴሪያዎች በመርዝ ይገዳደሉ ነበር ብል የሚከራከረኝ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ያለ አይመስለኝም።

በመርዝ የተሻለው ሁልጊዜ ያሸንፋል ማለት ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1981 ቻውና ሌቪን የተባሉ ተመራማሪዎች ኮሊሲን የሚሠሩትን ከማይሠሩት ጋር አወዳደሩ። በሚናወጥ ፈሳሽ ውስጥ መርዘኞቹ የሚያሸንፉት ከመጀመሪያው በርከት ብለው ከገቡ ብቻ ነበር። ለስለስ ብሎ በረጋ ነገር ውስጥ ግን ጥቂት ሆነው ገብተው እንኳ ያሸንፋሉ፤ መርዙ ሳይበተን በዙሪያቸው ስለሚቆይ የገደሉበት ቦታ የራሳቸው ይሆናል። በ2002 ደግሞ ቤንጃሚን ኬርና ባልደረቦቹ ሦስት የኢ ኮላይ ዓይነቶችን አንድ ላይ አኖሩ፤ መርዘኛውን፣ በመርዙ የሚሞተውን፣ መርዙን የሚቋቋመውን። ሳይነካ በተቀመጠ ሳህን ላይ ሦስቱም እየተሳደዱ አብረው ኖሩ። ሲበጠበጡ የቀረው ተቋቋሚው ብቻ ነበር።

እነዚህ ሙከራዎች በእርጎ አልተሠሩም፤ ዝምድናውን የማየው እኔ ነኝ። ግን «ሲረጋ አትንኪው» የሚለውን የቤት ትእዛዝ ስሰማ ሁልጊዜ ይመጡብኛል። የረጋ ወተትም ለስለስ ብሎ የረጋ ነገር ነው፤ እያንዳንዱ የባክቴሪያ ጉባኤ ቦታውን ይዞ ይቀመጥበታል፣ ያፈለቀውም መርዝ አጠገቡ ይቆያል።

ሌላም ዓይነት መሣሪያ አለ፤ በፍጥነት ልለፈው፣ የወተት ቤት ጉዳይ አይደለምና። ኮሌራን የምታመጣው ባክቴሪያ፣ በሞቃታማው ቆላ በየጊዜው የሚፈሯት፣ ውስጧ የተወጠረ ጦር አላት። ሰገባው ከአምስት ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይኮማተርና መርዝ የተቀባውን ጫፍ ጎረቤቷ ሆድ ውስጥ ይሰካዋል። ሹዶሞናስ የምትባለው ደግሞ ይህንኑ ጦር ይዛ ጠብ ያለሽ በዳቦ አትልም፤ የተወጋች እንደሆነ ግን መልሳ የምትወጋው ከተመታችበት ጎን በኩል ነው። ይህን እ.ኤ.አ. በ2013 በማይክሮስኮፕ ቀርጸው ያሳዩት ማሬክ ባስለር፣ ብራያን ሆ እና ጆን መካላኖስ ናቸው።

ወደ ቅሉ ልመለስ። የወይራው ጭስ የሚሠራው ጦርነቱ ሳይጀመር ነው። ጭሱ ውስጥ ያሉት ፌኖሎችና ሌሎች ውሑዶች ባክቴሪያን ያዳክማሉ፤ የቅሉ ግድግዳ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነ ጭሱን ይጠጣል። በፕላስቲክ ጄሪካን ይህ አይሆንም። ፍም ቢገባበት ይቀልጣል፤ ውስጡ ሲጫር ደግሞ ማጠቢያ የማይደርስበት ስርጓዳ ይፈጥራል። ጄሪካን ቀላል ነው፣ አይሰበርም፣ መኪና ላይ ይጫናል፤ ለዚህ ነው የገበያው ወተት በእሱ የሚመጣው። በሥራ ጥራት ግን ከታጠነ ቅል ጋር አይወዳደርም።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልል አላልፍም። እርጎ ጥሩ ተዋጊ ነው ማለት ያልተፈላ ወተት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። አሲዱ እስኪበረታ ጊዜ ይፈልጋል፤ ብሩሴላና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ደግሞ በአንድና ሁለት ቀን አሲድ በቀላሉ የሚሸነፉ አይደሉም። ላሟ ያልተመረመረች ከሆነ ወተቱን አፍልቶ ማርጋት ይሻላል፤ ያኔ ግን ከቀደመ እርጎ ወይም ከዕቃው የሚገባ ዘር ያስፈልገዋል።

በጾም ወቅት የአይከል ቅል ሥራ አይፈታም። የማይጠጣው ወተት ለቅቤ ይጠራቀማል፤ የዛሬው በትናንቱ ላይ፣ የነገው በዛሬው ላይ ይጨመራል። አዲስ ወተት ይዞት የሚገባው ባክቴሪያ ሁሉ ቦታውን ከያዙ፣ አሲዳቸውን ካበዙ፣ መርዝ የሚሠሩም ካሉ መርዛቸውን ካጠራቀሙ ነባሮች ጋር ይጋጠማል። ከቀናት በኋላ ቅሉ ይናጣል፤ ቅቤው ይወጣል፣ አሬራው ይቀራል። አሬራው ለስለስ ባለ እሳት ሲሞቅ አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ሙቀቱ ብዙዎቹን ላክቶኮከሶች ይፈጃቸዋል። ናይሲን ግን አሲድ በበዛበት ፈሳሽ ውስጥ የፈላ ውኃን ሙቀት እንኳ ይችላል፤ በተሠራበት ቅል ውስጥ ከነበረ፣ ሠሪዎቹ ካለቁ በኋላም ከነአምስት ቀለበቱ አይቡ ውስጥ ይገኛል።